የባትሪ አሲድ ማምከንና ማስወገድ (ድሬዳዋ)፦ ስንት ኖራ፣ ዝቃጩስ የት ይሄዳል?

ባትሪ_ገንደቆሬ (ጥያቄውን የከፈተ)

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሐረሮችም። የመኪናና የባጃጅ ባትሪ በሚጠገንበት ቤት አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አሮጌ አሲድ ተጠራቅሟል። በሃይድሮሜትር (የአሲድ ጥግግት መለኪያ) ሲለካ 1.20 አካባቢ ያነባል። ፈሳሹ ደፍርሷል፣ ግርጌው ላይ ግራጫ ዝቃጭ ተኝቷል። የሚሰጠው ምክር ሦስት ዓይነት ነው፦ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ድፋው፣ ሽንት ቤት ጉድጓድ ጨምረው፣ ቤኪንግ ሶዳ በትንበት። ሦስቱም አላሳመኑኝም። ምን ያህል ምን ያስፈልጋል? ከመከነ (አሲድነቱ ከጠፋ) በኋላስ የት ይሄዳል? የሚያውቅ ሰው በቁጥር ይንገረኝ።

ለገሃሬ_ኤሌክትሪክ

አቦ ደቻቱ ይበቃዋል። የዚህ አካባቢ ድንጋይ ራሱ የኖራ ድንጋይ ነው፣ አሲዱን እዚያው ይበላዋል። ውሃ በሌለበት ወንዝ ላይ ማን ይጎዳል?

ሳቢያን_ኬሚስት

ለገሃሬ፣ ግማሹ እውነት ነው። የኖራ ድንጋይ አሲድን ያመክናል። ችግሩ ግን አሲዱ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ያለው እርሳስ ነው። አሮጌ የባትሪ አሲድ ከሰሌዳዎቹ ተፍቆ የወረደ እርሳስ፣ የእርሳስ ኦክሳይድና የእርሳስ ሰልፌት ይዟል። ገንደቆሬ ያየኸው ግራጫ ዝቃጭ እሱ ነው። አሸዋው አሲዱን ቢበላው እርሳሱን አይበላውም፤ እዚያው ይተወዋል።

ደቻቱ ደግሞ ደረቅ የሚመስለው ጎርፍ እስኪመጣ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ምን እንዳደረገ ድሬ የሚረሳ ሰው የለም። አሸዋው ላይ የተደፋ ሁሉ ወይ ከጎርፉ ጋር ይሄዳል፣ ወይ ወደ ታች ይሰርጋል። የከተማው ውሃ በዋናነት ከሳቢያን ጉድጓዶች የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ሐረርም ከድሬ ቆላ በሚሳብ ውሃ ትጠጣለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው እርሳስ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። የእርሳስ ሰልፌት በንጹህ ውሃ ውስጥ በሊትር ወደ 40 ሚሊግራም ይሟሟል። ሰልፌት በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ ከዚህ በጣም ያንሳል፤ ቢሆንም ከገደቡ ያልፋል። አሸዋው ታጥቦ ንጹህ ውሃ ሲያገኝ ደግሞ እንደገና መሟሟቱ ይጨምራል።

ሽንት ቤቱም አይሆንም። ጉድጓድ ውስጥ ኦክስጅን ስለሌለ ከአሲዱ የሚመጣውን ሰልፌት ባክቴሪያ ወደ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይለውጠዋል፤ አስቀድሞ ያለውንም ሰልፋይድ አሲዱ ወዲያው በጋዝ መልክ ያስወጣዋል። የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ነው፤ ሲበዛ ግን አፍንጫ ማሽተቱን ያቆማል፣ ሰው የሚሞተውም ያኔ ነው። ጉድጓድ የሚጠርጉ ሠራተኞችን አስቡ።

ሳቢያን_ኬሚስት

አሁን ወደ ቁጥሩ። በ1 ሊትር አሲድ ውስጥ ያለው ንጹህ ሰልፈሪክ አሲድ እንደ ጥግግቱ ይለያያል፤ የሚያስፈልገው ማምከኛም እንደዚያው።

ሃይድሮሜትር 1.28 ሲያነብ (ሙሉ የተሞላ ባትሪ)፦ በሊትር ወደ 480 ግራም አሲድ። ኖራ 360 ግራም፣ ወይም ቤኪንግ ሶዳ 820 ግራም።

1.20 ሲያነብ፦ ወደ 330 ግራም አሲድ። ኖራ 250፣ ቤኪንግ ሶዳ 565።

1.12 ሲያነብ (የሞተ ባትሪ)፦ ወደ 195 ግራም። ኖራ 150፣ ቤኪንግ ሶዳ 335።

ኖራ ስል በውሃ የበረደውን ነጭ ዱቄት ነው፤ ቁጥሩም ለንጹህ ኖራ ነው። የግንባታ ኖራ ንጹህ ስላልሆነ 20 በመቶ ጨምሩበት። ለገንደቆሬ 80 ሊትር በ1.20 ወደ 24 ኪሎ የግንባታ ኖራ ማለት ነው። በቤኪንግ ሶዳ ቢሆን 45 ኪሎ ነበር።

የዋጋው ልዩነት ብቻ አይደለም። ቤኪንግ ሶዳ ሰልፌቱን አያስወግደውም፤ ሶዲየም ሰልፌት አድርጎ ውሃው ውስጥ ይተወዋል። ከ80 ሊትሩ ከ38 ኪሎ በላይ የተሟሟ ጨው ይቀራል። ኖራ ግን ሰልፌቱን ጀሶ አድርጎ ወደ ግርጌ ያወርደዋል፤ ውሃው ውስጥ የሚቀረው በሊትር 2.4 ግራም አካባቢ ጀሶ ብቻ ነው። እርሳሱም ከጀሶው ጋር አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ለብዛት ኖራ፣ ለፈሰሰና ለተንጠባጠበ ቤኪንግ ሶዳ።

ባጃጅ_መለዋወጫ

ቤኪንግ ፓውደርስ? ሱቅ ሄደህ ቤኪንግ ሶዳ ስትል ቤኪንግ ፓውደር የሚሰጥህ ብዙ ነው።

ሳቢያን_ኬሚስት

ጥሩ አነሳህ። ቤኪንግ ፓውደር ውስጥ ከሶዳው ጋር ደረቅ አሲድና ስታርች አለበት። ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሶዳውን የራሱ አሲድ ይጨርሰዋል፤ ለባትሪ አሲድ የሚተርፍ ጥቂት ነው። እሽጉ ላይ "ሶዲየም ባይካርቦኔት" ብቻ መጻፉን እዩ።

ሐረር_ላብራቶሪ

አሠራሩን ልጨምር፤ ሰው የሚቃጠለው ስሌቱን አውቆ ቅደም ተከተሉን ሲስት ነው።

ዕቃ፦ ወደ 120 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ በርሜል፣ አፉ ሙሉ ክፍት። ብረት፣ የዚንክ ባልዲ፣ የአልሙኒየም ድስት ፈጽሞ አይገባም። አሲድ ከብረት፣ ከዚንክና ከአልሙኒየም ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ይወጣል፤ አጠገቡ ብየዳ ወይም ሲጋራ ካለ ይፈነዳል። ማማሰያው ረጅም የፒቪሲ ቧንቧ። ሥራው በጥላ ስር፣ በአየር መውጫ ቦታ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ። ሊሾ ላይ ከሆነ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍ፤ ሰልፈሪክ አሲድ ሲሚንቶን በልቶ ያሳብጠዋል፣ ይሰነጥቀዋል።

ለሰው፦ ከጎንና ከላይ የሚዘጋ መነጽር (የፀሐይ መነጽር አይቆጠርም)፣ እስከ ክንድ የሚደርስ ወፍራም የጎማ ጓንት፣ የላስቲክ ሽርጥ፣ ሱሪው ከቡትሱ ውጪ ይውረድ። ወደ ቡትስ የተከተተ ሱሪ የፈሰሰውን አሲድ እግር ላይ ያጠራቅመዋል። ሁለት ባልዲ ንጹህ ውሃ ከመጀመሪያው አጠገብ ይቀመጥ። ድሬ ቧንቧ ሲጠፋ የሚጠፋበትን ሰዓት ማንም አያውቅም፤ ባልዲ የሌለበት ሥራ አይጀመር።

በአንድ ጊዜ 5 ሊትር አሲድ ብቻ። በርሜሉ ውስጥ መጀመሪያ 50 ሊትር ውሃ። ከዚያ አሲዱ በጆግ፣ በቀስታ፣ ወደ ውሃው። ተገላቢጦሹ አይደረግም። ውሃ ወደ አሲድ ከተጨመረ ላይ ላዩ ባለችው ቀጭን የውሃ ንብርብር ውስጥ ሙቀቱ ይታመቅና ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል።

በሌላ ባልዲ 1.5 ኪሎ የግንባታ ኖራ በ7 ሊትር ውሃ ይበጥበጥ፤ ወተት እስኪመስል። ይህንን በጆግ ግማሽ ሊትር እየጨመሩ፣ በየመሃሉ ሁለት ሦስት ደቂቃ ማማሰል። የመጀመሪያው ሁለት ሦስተኛ በፍጥነት ይሄዳል፤ መጨረሻው ላይ ግን ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ 7 ገለልተኛ ነው፣ ከዚያ በታች አሲድ፣ በላይ የአሲድ ተቃራኒ የሆነው አልካሊ) ዘሎ ያልፋል። ስለዚህ ከአንድ ሊትር ተኩል በታች ሲቀር በሩብ ጆግ ይሁን።

ለምን 50 ሊትር ውሃ እንደተባለ ልንገራችሁ። 5 ሊትር 1.20 አሲድ በኖራ ሲመክን ወደ 2,000 ኪሎጁል ሙቀት ይወጣል። በ60 ሊትር ገደማ ውስጥ ሲበተን የፈሳሹን ሙቀት 7 ወይም 8 ዲግሪ ብቻ ያሳድጋል። ያለ ውሃ ቢደባለቅ ጭማሪው ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፤ ድሬ ላይ 35 ዲግሪ የነበረ አሲድ 75 ይገባል፣ ጀሶውም እንደ ገንፎ ይረጋና ያልተነካውን አሲድ መሃሉ ይደብቃል። ከላይ ተለክቶ "ጨርሷል" የሚባለው፣ በማግስቱ ሲነቀነቅ ግን የሚያቃጥለው እሱ ነው።

ሥራው በማለዳ ቢሆን ይሻላል። ቀትር ላይ መነጽሩ በላብ ይደፈናል፣ ሰው ያወልቀዋል።

ለገሃሬ_ኤሌክትሪክ

የእርሳሱን ነገር አላሰብኩትም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ግን ድንጋይ አለ እያልን ኖራ ለምን እንገዛለን? የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በርሜል ውስጥ አይሠራም?

ሳቢያን_ኬሚስት

ጠጠሩ አይሠራም፤ ዱቄቱ በግማሽ ይሠራል። ሰልፈሪክ አሲድ የኖራ ድንጋይ ጠጠርን ሲነካው ወዲያው ላዩ ላይ የጀሶ ቅርፊት ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ አሲዱ ወደ ውስጥ አይደርስም። አረፋው ሲቆም አለቀ ይመስላል፣ አሲዱ ግን እዚያው አለ።

በጣም የደቀቀ ዱቄት ከሆነ፣ በተበረዘው አሲድ ላይ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ፒኤቹን ወደ 4 ወይም 5 ያደርሰዋል። ከዚያ በላይ ያዘግማል። እርሳሱ ደግሞ በደንብ የሚወርደው ከ8.5 በላይ ስለሆነ መጨረሻው በኖራ መሆን አለበት። ብዙ ለሚያመክን ሰው በርካሹ ዱቄት ጀምሮ በኖራ መጨረስ አዋጭ ነው፤ ለ80 ሊትር ግን ጣጣው አይከፍልም። አረፋውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከአንድ ሊትር 1.20 አሲድ ከ80 ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣል፣ በቤኪንግ ሶዳ ደግሞ እጥፉ። ዝግ ክፍል ውስጥ ወይም ክዳኑ በተዘጋ ጀሪካን እንዳትሞክሩት።

ሲሚንቶና_ኖራ_ንግድ

ኖራ ስለሚገዛ ሰው ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ከምድጃ የወጣውን ድንጋዩን ኖራ (ውሃ ያልነካውን) አትግዙ። እሱ ውሃ ሲያገኝ ራሱ ይፈላል፤ አሲድ ላይ ከተጨመረ እጥፍ አደጋ ነው። የበረደውን ዱቄት በሉ።

ሁለተኛ፣ ከረጢቱ ተቀዶ ወራት የቆየ ኖራ አየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እየተዋሃደ ተመልሶ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይሆናል። ሙከራው ቀላል ነው፤ ጥቂት ማንኪያ በብርጭቆ አድርጋችሁ ኮምጣጤ ጨምሩበት። በኃይል ካፈላ አርጅቷል። አዲስ ኖራ ትንሽ ይሞቃል እንጂ ብዙም አያፈላም።

ማሪያም_ሰፈር_ጋራዥ

አመድስ? የከሰል አመድ በየቤቱ አለ።

ሐረር_ላብራቶሪ

አመድ ያመክናል፣ ግን ኃይሉ እንደ እንጨቱ ይለያያል፤ በስሌት መሥራት አይቻልም። ብዙው የማይሟሟ ስለሆነ እርሳስ የያዘውን ዝቃጭ በብዙ እጥፍ ያበዛዋል። መሬት ላይ ለተንጠባጠበ ከጠፋ ነገር ይሻላል። ለጀሪካን አይሆንም።

ባትሪ_ገንደቆሬ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ፒኤች መለኪያ የለኝም። የፒኤች ወረቀት ባላገኝ በምን ልወቅ? ጋሽ ሳቢያን፣ ከ8.5 በላይ ብለዋል፤ የላይኛው ገደቡስ?

ሳቢያን_ኬሚስት

ከ8.5 እስከ 9.5 መሃል ላይ አቁም። ከ11 ካለፈ እርሳሱ እንደገና መሟሟት ይጀምራል፤ እርሳስ ከአሲድም ከጠንካራ አልካሊም ጋር የሚሄድ ብረት ነው። "ትንሽ ኖራ ልጨምርለት፣ ይጠንክር" የሚለው አሳብ የወረደውን እርሳስ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይከተዋል። የበዛ ኖራ ያለው ውሃ ፒኤቹ 12.4 ይደርሳል፣ ዓይን ያጠፋል።

የፒኤች ወረቀት ርካሽ ነው፤ የላብራቶሪ ዕቃ ከሚሸጡ ፈልግ። እስክታገኝ ድረስ ሁለት ነገር ቤት አለ። ከርከዴ አፍልተህ ቀዝቀዝ ሲል፣ ከተረጋው ፈሳሽ ላይ ጥቂት ጠብታ ጨምርበት። ቀይ ሆኖ ከቀረ ገና አሲድ ነው፤ ወደ ሐምራዊና ሰማያዊ ሲዞር ወደ ገለልተኛው ደርሷል፤ አረንጓዴ ካለ አልካሊ ነው። ሁለተኛው እርድ ነው። የእርድ ዱቄት በአልኮል በጥብጠህ ነጭ ወረቀት ንከርበትና አድርቀው። ቢጫው ወደ ቀይ ቡናማ መዞር የሚጀምረው ከ8 ተኩል አካባቢ ነው። አንተ የምትፈልገው ከርከዴው ቀይነቱን ጨርሶ የተወበትን፣ የእርዱ ወረቀት ደግሞ ገና መቅላት የጀመረበትን ነው። ወረቀቱ ወዲያው ደም ከመሰለ አልፈሃል፤ ከተበረዘው አሲድ ጥቂት ጨምረህ መልሰው።

ሁልጊዜ ካማሰልክ በኋላ አሥር ደቂቃ ጠብቅና ደግመህ ለካ። ያልተሟሟ የኖራ ቅንጣት ቆይቶ ይሟሟል።

የተጠቀምክበትን ከርከዴ የያዘ ብርጭቆ ለመጠጥ አትመልሰው።

ባጃጅ_መለዋወጫ

ከዚያ በኋላ ውሃው ከጠራ ለአትክልት ይሆናል?

ሐረር_ላብራቶሪ

አይሆንም። ለአትክልትም፣ ለፍየልም፣ አቧራ ለማርጠብም። ዓይን የጠራ ያለው ውሃ ውስጥ የእርሳስ ሽራፊ ሊኖር ይችላል፤ ያለ ላብራቶሪ የሚታወቅበት መንገድ የለም።

የሚሻለው ዘዴ ይህ ነው፦ በርሜሉ አንድ ቀን ሙሉ ይርጋ። የጠራውን ውሃ ከላይ በቀስታ ቅዳና ለሚቀጥለው ዙር 50 ሊትር አድርገህ ተጠቀምበት። ጀሶ ስለጠገበ ምንም አያበላሽም፤ አልካሊነቱም ትንሽ ኖራ ይቆጥባል። 80 ሊትሩ በ5 ሊትር ሲከፈል 16 ዙር ነው፤ ያ ሁሉ ዙር በመጀመሪያው 50 ሊትርና ከኖራው ወተት ጋር በሚገባው ይሠራል። ወተቱንም በዚያው ውሃ ከበጠበጥከው አዲስ ውሃ አይገባም ማለት ይቻላል፤ የሚደፋም የለም። መጨረሻ ላይ የተረፈውን በሰፊ የፕላስቲክ ገንዳ አድርገህ፣ ሕፃንና እንስሳ በማይደርስበት፣ ለድሬ ፀሐይ ተወው። የቀረውን ጨው ከዝቃጩ ጋር ቀላቅል።

ዝቃጩን በአቡጀዲ አጥልለው። ከ80 ሊትሩ ወደ 46 ኪሎ ደረቅ ጀሶ ይወጣል፤ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ እርጥቡ ወደ 90 ኪሎ ይጠጋል። እርሳሱ እዚህ ውስጥ ነው።

አታድርቀው። ይህን ደጋግሜ እላለሁ። የደረቀ የእርሳስ ጀሶ ዱቄት ነው፤ የድሬ ከሰዓት ነፋስ አንስቶት በየግቢው ይበትነዋል። ለሕፃን ልጅ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ይህንኑ ነው። እርጥብ እንዳለ ክዳን ባለው የፕላስቲክ በርሜል ይቀመጥ። አቡጀዲውም፣ ጓንቱም እዚያው ይግቡ። የሥራ ልብስ ከቤተሰብ ልብስ ጋር አይታጠብ።

ማሪያም_ሰፈር_ጋራዥ

ከጀሶው ግድግዳ መለሰን ይቻላል የሚል ሰምቻለሁ።

ሳቢያን_ኬሚስት

ወንድሜ፣ ከንጹህ አሲድ የወጣ ጀሶ ሌላ ነው። ከባትሪ የወጣው እርሳስ አለበት፤ የልጆች መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ አይለጠፍም። ለጡብም ለመንገድ ሙሌትም አይሆንም።

እናት_የቤት_ጽዳት

ይቅርታ፣ ትንሽ ከርዕሱ እወጣለሁ። ለሽንት ቤት ማጽጃ የሚሸጠው አሲድ የተረፈውን እንዴት ላስወግድ? በረኪና ብጨምርበት ይመክናል ያለኝ አለ።

ሐረር_ላብራቶሪ

እህቴ፣ በፍጹም! ያ አብዛኛውን ጊዜ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ከበረኪና ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል። ተቀላቅሎ ካገኘሽው ወዲያው ውጪ፣ በር ክፈቺ፣ አትመለሺ።

ጥቂት ከሆነ፣ ለምሳሌ ግማሽ ሊትር፣ በ5 ሊትር ውሃ ባልዲ ውስጥ በቀስታ ጨምሪው፤ ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በማንኪያ በማንኪያ፣ ማፍላቱን እስኪተው። እርሳስ ስለሌለው የመከነው በብዙ ውሃ ታጅቦ ፍሳሽ ውስጥ ቢገባ ከባትሪው ጋር አይወዳደርም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ለታሰበለት ሥራ ተጠቅሞ መጨረስ ነው።

ሳቢያን_ኬሚስት

ገንደቆሬ፣ ዋናውን ነገር ሳልል እንዳልቀር። ይህ ሁሉ ስሌት አስቀድሞ ለተቀዳ አሲድ ነው። ከአሁን በኋላ ባትሪ አትቅዱ። የአንድ የቤት መኪና ባትሪ ከ4 እስከ 5 ሊትር አሲድ ይይዛል፤ የከባድ መኪናው ከአሥር ያልፋል። አንዳንድ ቆራሌ "ውሃውን አፍስሰህ አምጣው፣ የምገዛው እርሳሱን ነው" ይላል። ያኔ አሲዱ ያንተ ዕዳ ሆኖ ቀረ፣ ገንዘቡ ደግሞ ያው ነው። ባትሪውን ከነአሲዱ፣ ክዳኑ ተጠብቆ፣ ሁለቱ ራስ በቴፕ ተሸፍኖ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ፈቃድ ላለው ሰብሳቢ አስረክብ። ከነአሲዱ የማይወስድ ሰብሳቢ አሲዱን የትም እንደሚያፈስሰው እወቅ። የሚቀዳው ቀፎው የተሰነጠቀ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ሙሉ ባትሪውን በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል።

ባትሪ_ገንደቆሬ

ገባኝ። ሲፈስና ሰው ሲነካስ? ዝቃጩንስ ማን ይረከባል?

ሐረር_ላብራቶሪ

መሬት ላይ ከፈሰሰ፦ መጀመሪያ ዙሪያውን በአሸዋ ክበበው፣ ወደ ቦይ እንዳይሄድ። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ ከዳር ወደ መሃል በትን። ማፍላቱ ሲቆም ትንሽ ውሃ ጨምረህ እንደገና በትን፤ ካላፈላ አለቀ። አሸዋውን ከዝቃጩ በርሜል ጨምረው። ለአንድ ሊትር 1.28 ከ800 ግራም በላይ ሶዳ ስለሚሄድ፣ ባትሪ ቤት ውስጥ ቢያንስ 5 ኪሎ በደረቅ ዕቃ ይቀመጥ።

ቆዳ ላይ፦ ልብሱን አውልቆ በብዙ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ። ሶዳ ወይም ኖራ ቆዳ ላይ አይደረግም፤ ሙቀቱ ቃጠሎውን ያባብሰዋል። ዓይን ውስጥ ከገባ፦ ሽፋኑን ከፍቶ በማያቋርጥ ንጹህ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ በኋላ ሳይሻልም ሲሻልም ወደ ሐኪም። ድሬ ላይ ከሆነ ድል ጮራ። ከመታጠቡ በፊት መኪና ፍለጋ አይሮጥ።

ስለ ርክክቡ፦ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ። አደገኛ ቆሻሻ የሚያመነጭም የሚያጓጉዝም ተጠያቂ ነው። ስለዚህ በርሜሉን ከመጫንህ በፊት ለድሬዳዋ አስተዳደር የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አስታውቅና ፈቃድ ያለው ተረካቢ እንዲጠቁሙህ ጠይቅ። የአንድ ባትሪ ቤት ብቻውን ጥቂት ነው፤ የገንደቆሬና የመጋላ ባትሪ ቤቶች አንድ ላይ ብትጠይቁ ለመጓጓዣውም ለመሥሪያ ቤቱም ይቀላል።

ለገሃሬ_ኤሌክትሪክ

እኛም አለንበት። በየወሩ የሚወጣውን ባትሪ መዝግበን ከናንተ ጋር አብረን እንጠይቅ።

ሳቢያን_ኬሚስት

በርሜሉ ላይ በማይለቅ ቀለም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ጻፉ፦ "እርሳስ ያለበት ዝቃጭ፣ መርዝ፣ አትክፈት"፤ ቀኑን፣ ኪሎውን፣ መጨረሻ የተለካውን ፒኤች። ከሦስት አራተኛ በላይ አትሙሉት። ክዳኑን ለመጀመሪያው ሳምንት ጥርቅም አታድርጉት፤ የተረፈ ካርቦኔት ካለ ጋዝ ይወጣል። ጥላ ያለበት፣ ጎርፍ የማይደርስበት፣ ከመሬት በእንጨት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቀመጥ። ገና ያላመከናችሁት አሲድ ካለ በሌላ ጥግ አድርጉት፤ ከዝቃጩ በርሜል ጋር ጎን ለጎን አይቁም፤ አንዱ ቢያፈስ ዝቃጩን መልሶ ያሟሟዋል።